ለውጭ አገር ብቻ የሚሠራ ዱቄት

ይህን ፎቶግራፍ ተመልከቱ። በጥር ወር 1964 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ካምፑ በር ፊት ለፊት ባለችው ፎቶ ቤት የተነሣ ነው። መካከል ላይ የተቀመጠችው ሙሽራ እናትነሽ ናት። ሹሩባዋን እዩት፤ ከግንባሯ ተነሥቶ እስከ ማጅራቷ እንደ ታረሰ ማሳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሙሽራው ኮት ለብሷል፣ ሚዜዎቹ ጥርሳቸውን አሳይተዋል፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። አሁን ከሙሽራይቱ ኋላ የቆመችውን ሴት እዩ። ፊቷ ጥርት ያለ ነው። በልጇ ትከሻ ላይ ያሳረፈችው ቀኝ እጇ ግን ደብዝዟል፤ ጭጋግ የዋጠው ይመስላል። ፎቶ አንሺው "እማማ፣ እጅዎን አያንቀሳቅሱ" ብሎ ደጋግሞ ለምኗት ነበር። እሷም "አላንቀሳቀስኩም እኮ" አለችው። እውነቷን ነው። እሷ አላንቀሳቀሰችውም።

ይህች ሴት በዛብሽ ትባላለች። ሥራዋ ፀጉር መሥራት ነበር። ስለ ጄኔራልና ስለ ደጃዝማች የሚጽፍ ሞልቷል፤ ስለ ፀጉር ሠሪ የሚጽፍ ስላጣሁ እኔ እጽፋለሁ። አጻጻፌ ያልጣመው ተማሪ ቤት የገባ ሰው ካለ፣ አሳምሮ ይጻፈውና እኔ ዝም እላለሁ። እስካሁን ግን የጻፈ የለም።

በዛብሽ መንዝ ተወልዳ በልጅነቷ ለወታደር ተዳረች። ባሏ አሥር አለቃ አዳነ ጦሩን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲወርድ አብራው ወረደች። ነገሌ ስትደርስ ቀይ አቧራ፣ ግራርና ውሃ ለመቅዳት የተሰለፈ ሕዝብ አየች። "እዚህ አገር ምን ይበቅላል?" ብላ ብትጠይቀው፣ "ወታደር" አላት።

በ1956 ዓ.ም. አዳነ ወደ ድንበሩ ወጥቶ አልተመለሰም። እናትነሽ ያን ጊዜ የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ባል የሌላት ሴት ካምፕ ውስጥ አትኖርምና፣ በዛብሽ ልጇን ይዛ ወጣች፤ ከካምፑ አጥር ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። የመኮንኑም የተራው ወታደርም ሚስት ፀጉሯን ይዛ ወደ እሷ ትመጣ ጀመር። የበዛብሽ ሹሩባ አይፈታም። ሁዳዴ ሲገባ የሠራችው ለፋሲካ ሳይላላ ይደርሳል ይባልላት ነበር።

ምሥጢሩ ጉንጉኑ ላይ አልነበረም። ሌላዋ ፀጉር ሠሪ ቅቤ ከላይ ቀብታ ትተወዋለች። በዛብሽ ግን ለጋውን ቅቤ በሁለት መዳፎቿ መካከል ይዛ፣ በእጇ ሙቀት ብቻ እስኪለሰልስ ትጠብቃለች። ከዚያ የራስ ቅሉን ታሸዋለች። ታሸዋለች፣ ታሸዋለች፣ ሴቲቱ እንቅልፍ እስኪወስዳት። "መጀመሪያ ቆዳው ይጥገብ" ትላለች። ቆዳው ቅቤውን ሙልጭ አድርጎ ሳይጠጣ ሚዶ አታነሣም።

ልብ በሉ፤ ቅቤን ከቆዳ ውስጥ ማስገባት ከእሷ የበለጠ የሚያውቅበት አልነበረም።

ቅቤውን የምታመጣላት ዲንኪቱ ነበረች፤ ሊበን ውስጥ ከባሏ ከጂሎ ጋር ከብት የምታረባ ቦረና። የዓመታት ደንበኞች ብቻ ሳይሆኑ ወዳጆችም ነበሩ። አንዷ አማርኛ ሲያጥራት በኦሮምኛ ትጨርሳለች፣ ሌላይቱ ኦሮምኛ ሲያጥራት በአማርኛ፤ ተጣልተው አያውቁም።

ዱቄቱ የመጣው በ1963 ዓ.ም. በጋ ነው። ያን ዓመት ዝናቡ አጭር ነበር። ከብቱ በመዥገር ተወረረ፤ ከተማ ውስጥ ውሃ ጠፋና የልጆች ራስ ቅማልና ቅጫም ሞላው። አቶ ሸዋንግዛው የሚባል ነጋዴ ከአዲስ አበባ አከፋፋይ ዘንድ ግራጫ ዱቄት በበርሜል አስመጣ። በርሜሉ ላይ የባዕድ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ በላይ ደግሞ በጥቁር ቀለም የተድበሰበሰ ክብ ነገር። ምንድን ነው ሲሉት "ዝገት እንዳይበላው ነው" ይል ነበር። ዱቄቱን በጋዜጣ እየጠቀለለ ለከብት አርቢ ሁሉ ሸጠ። ርካሽ ነበር። እንዲህ የረከሰበትን ምክንያት የጠየቀ አልነበረም።

ዲንኪቱ መዥገሩ እንደ ማሽላ ፍሬ መርገፉን ስትነግራት፣ በዛብሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሱቁ ሄደች።

"ጋሼ ሸዋንግዛው፣ ይህ ዱቄት ቅማል ይገድላል?"

"መዥገር የገደለ ለቅማል ይሰንፋል ብለሽ ነው?"

"ሰው አይጎዳም?"

"የፈረንጅ ዕቃ እኮ ነው፣ በዛብሽ። ፈረንጅ ለውሻው የሚያዝን ሕዝብ ነው። የሚጎዳ ነገር ሠርቶ ይሸጣል?"

ገዝታ ሄደች። መጀመሪያ በደረቁ ነሰነሰችው፤ ዱቄቱ ከልጆቹ ራስ ላይ እየረገፈ ልብሳቸውን አቧራ አደረገው እንጂ ብዙ አልሠራም። ያን ጊዜ የሙያዋ ነገር መጣባት። ከለጋ ቅቤ ጋር ለወሰችው። እንደ ልማዷ በመዳፎቿ መካከል አሟሟቀችው፣ ቆዳው እስኪጠግብ አሸችው። ቅማሉ አለቀ። ቅጫሙ ሳይቀር ደረቀ።

ከዚያ ወዲያ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ከወደራ መጡ። ከፊልቱ በጭነት መኪና የመጡ የፖሊስ ሚስቶች ነበሩ። "የበዛብሽ ቅቤ" ተባለ። እናቶች ልጆቻቸውን አስልፈው ያመጣሉ፤ እሷም ከሁሉ በፊት፣ ከሁሉም አብዝታ፣ የገዛ ልጇን እናትነሽን ትቀባለች። ለሠርጓ ያን ሹሩባ የሠራችላትም በዚሁ ቅቤ ነው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ዲንኪቱ ቅቤ ይዛ መጣች። ፊቷ አልተፈታም።

"አካም ቡልቴ፣ ሃዳ እናትነሽ?" ብላ አዳሯን ጠየቀቻት። በእሷ አገር እናት የምትጠራው በልጇ ስም ነው።

"ናጋ፣ ናጋ። ከብቱስ?"

"ከብቱ ደህና ነው። መዥገር የለም።" የቅቤውን ዕቃ አስቀመጠች። "ወፏ ግን ጠፋች።"

"የቷ ወፍ?"

"ከከብት ጀርባ መዥገር የምትለቅመዋ። አፏ ቀይ። ጂሎ በረት በር ላይ ሞታ አገኛት። ሌላም አገኘ።"

በዛብሽ ሳቀች። "መዥገሯን ጨርሳችሁባት ምን ትብላ? በረሃብ ሞታ ይሆናላ።"

"የራባት ወፍ ወደ ሌላ በረት ትሄዳለች። በር ላይ ቁጭ ብላ አትሞትም።" ዲንኪቱ ዕቃዋን አነሣች። "እጅሽ ምን ሆነ?"

"ምን ሆነ?"

"ይንቀጠቀጣል።"

"እርጅና ነዋ። አንቺ አታረጂም?"

"እኔ ካንቺ እበልጣለሁ" አለች ዲንኪቱ፣ እጇንም ዘርግታ አሳየቻት። እጇ አልተንቀሳቀሰም።

በክረምቱ መግቢያ የጎረቤት ልጅ ወደቀች። ብርቱካን ትባላለች፤ የወታደር ሚስት የአበባየሁ ልጅ ናት። ውሃ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ዓይኗ ተገለበጠ፣ ጥርሷ ገጠመ፣ አቧራው ላይ ተንዘፈዘፈች። ሴቶቹ ከበቧት። የሚጥል በሽታ ነው ያለች አለች፤ ቀትር ላይ ምንጭ ዳር ተቀምጣ ነበር፣ ክፉ ነገር ለክፏት ነው ያለችም አለች። አንዲት ባልቴት "እርግብግቢቷን በቅቤ፣ እርግብግቢቷን በቅቤ" አሉ። ይህ ከጥንት የወረስነው ነው፤ ሕፃን ሲደነግጥ አናቱን በቅቤ ማራስ። በዛብሽም ሮጣ ቅቤ አመጣች። ከቤቷ ካለው የተሻለውን መርጣ ነው ያመጣችው፤ ማለት ዱቄቱ ያለበትን፣ ሰው ሁሉ የሚመኘውን።

ልጅቱ ተመልሳ ተንዘፈዘፈች። እንደገና ቀቧት። እንደገና ተንዘፈዘፈች። ጠበል ሳትደርስ በአባቷ እቅፍ ውስጥ ሞተች።

እስቲ ማንን ልክሰስ? ባልቴቷን? በዛብሽን? እነዚህ ሴቶች በእጃቸው ያለውን ከሁሉ የተሻለ ነገር ነው የሰጡት። እናንተም እዚያ ብትሆኑ ቅቤውን እየሮጣችሁ ታመጡ ነበር። አትዋሹ።

እናትነሽ በዚያን ጊዜ ነገሌ አልነበረችም። ባሏ በጸሐፊነት ተቀጥሮ ፊልቱ ይዟት ሄዷል፤ ነፍሰ ጡርም ነበረች። የበዛብሽ ነገር ሁሉ ከዚህች ልጅና ከሚመጣው ሕፃን በቀር ሌላ አልነበረም። ወሯ ሲደርስ፣ በጥቅምት 1965 ዓ.ም.፣ የአራስ ስንቅ ሰደደችላት፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ከሁሉም በላይ በቆርቆሮ የታሸገ ቅቤ። ለአራሷ ራስ ነው፣ ለሕፃኑም እርግብግቢት፤ ሲወለድም በጣት ጫፍ ለምላሱ። ፊልቱ ሞቃት ነው፣ ቅማል ይበዛል ብላ ዱቄቱን ጨመረችበት። ለሕፃን ነውና ጥቂት ብቻ። እየጨመረች ጸሎት ታደርስ እንደነበር ለዲንኪቱ ነግራታለች።

ቆርቆሮው በሄደበት ሳምንት አንድ ፈረንጅ የከብት ሐኪም ወደ ሞያሌ ሲያልፍ ነገሌ ደረሰ። የሊበንን ከብት ሊያይ ሲወጣ አስተርጓሚው ወልደገብርኤል ነበር፤ በቅርቡ ተምሮ የመጣ የእንስሳት ጤና ረዳት። በጂሎ በረት ደጃፍ ፈረንጁ ከሸዋንግዛው የተገዛውን ባዶ በርሜል አየና ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አነበበ፣ በጥቁር ቀለም የተሸፈነውን በጥፍሩ ፋቀ። ከሥሩ የሰው ራስ ቅል ሥዕል ወጣ።

"ይህን ማን ሰጣቸው?" አለ።

"ሱቅ ይሸጣል" አለው ወልደገብርኤል።

"በእኛ አገር ይህን የሸጠ ይቀጣል። ሕግ ወጥቶበታል። ስብ ይወዳል፤ ስብ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ላም ላይ ከነሰነስከው ወተቷ ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ቅቤዋ ውስጥ ታገኘዋለህ። ነርቭ ይመታል።"

"እንግዲያው ፋብሪካው ተዘጋ?"

"አልተዘጋም። ለውጭ አገር ይሠራል።"

"ውጭ አገር ማለት የት ነው?"

ፈረንጁ ዞሮ ጂሎን አየው፣ ከብቶቹንም አያቸው። ወልደገብርኤል ገባው።

ፈረንጁ አዝኗል። ማዘኑን ወልደገብርኤል ይመሰክራል፤ እኔም አምነዋለሁ። አዝኖ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ሞያሌ መንገዱን ቀጠለ።

እኔ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። አንድ ሸንጎ ተቀምጦ፣ ሐኪም አስቀርቦ፣ "ይህ ነገር ልጆቻችንን ይገድላል" ብሎ በድምፅ ይወስናል። ደግ አደረገ። ከዚያ ያው ሸንጎ፣ ለባለ ፋብሪካው "እዚህ አትሽጥ እንጂ መርከብ ላይ መጫን ትችላለህ" ይለዋል። የእነሱ ልጅ ራስ ከምን ተሠራ፣ የብርቱካን ራስ ከምን ተሠራ? አጥንቱ ልዩ ነው? መርዝነቱን ካላወቁ ስሕተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። አውቀው፣ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ከዚያ ለእኛ ሲጭኑት ግን ስሙ ምንድን ነው? እኔ የማውቀው ስም አንድ ነው፤ ጋዜጣ ስለማያወጣልኝ እዚህ አልጽፈውም።

ወልደገብርኤል የከተማው ሴቶች ምን እንደሚቀቡ ያውቃልና ወደ አንድ ሹም ሄደ። ሹሙ ሰምቶ፣ "ለከብት ተብሎ የተሸጠውን ሴቶች ራሳቸው ላይ ቢቀቡት የማን ጥፋት ነው? ደግሞስ ከበላይ ክልከላ መጥቷል?" አለው። አልመጣም። "ካልመጣ እኔ ከየት አመጣለሁ?" ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። ወልደገብርኤልም ወደ ሱቁ ሄደ። ከሹሙ ዘንድ በቀጥታ መሄዱን አደንቅለታለሁ።

በዛብሽ ሱቁ ውስጥ ነበረች፤ ሳሙና ልትገዛ።

"አቶ ሸዋንግዛው፣ ይህ ዱቄት በተሠራበት አገር መከልከሉን ያውቃሉ?"

ሸዋንግዛው ሚዛኑን እየወለወለ ነበር። "አውቃለሁ" አለ።

ወልደገብርኤል ያዘጋጀው ክርክር ለሚክድ ሰው ነበር። "ያውቃሉ?"

"አከፋፋዩ ነግሮኛል። ባይከለከል ኖሮ በዚህ ዋጋ የት ይገኝ ነበር? አንተ ልጅ፣ የለበስከው ኮት ሰልባጅ አይደለም? ፈረንጅ የጣለውን ስትለብስ 'ለምን ጣለው?' ብለህ ጠይቀሃል?"

"ኮት ሰው አይገድልም።"

"ዱቄቱም መዥገር ነው የሚገድለው። መንግሥታችን ከልክሏል? ፈቃዴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎልሃል። እኔ ብተወው ነገ ማዶ ያለው ሱቅ ያመጣዋል። ከብታቸው በመዥገር ሲያልቅ አንተ ወተት ትሰጣቸዋለህ?"

"በቅቤ ሲለወስ ሰው ውስጥ ይገባል እኮ ነው የምልዎት። ነርቭ ይመታል። ያንቀጠቅጣል፣ ይጥላል።"

በዛብሽ ሳሙናውን አስቀምጣ ቀረበች።

"ልጄ" አለች፣ "በቅቤ ነው ያልከው?"

ወልደገብርኤል ዞር አለ። እዚያ መኖሯን እስከዚያ አላየም ነበር።

"አዎ፣ እማማ።"

"ጥቂት ብቻ ቢሆንስ? ለተወለደ ሕፃን፣ ጥቂት ብቻ።"

እሱ መሬት መሬት አየ። "ከተቀባስ ምን ያስለቅቀዋል?" አለች በዛብሽ።

"ሳሙና። ብዙ ሳሙና በብዙ ውሃ። ሐኪምም ጋ መውሰድ ነው፣ ካለ።"

ወደ ሸዋንግዛው ዞረች። "ጋሼ፣ ዛሬ ወደ ፊልቱ የሚሄድ መኪና አለ?"

"የኔ አለ። ጭነት ነው፤ ላዩ ላይ ግን ቦታ አይጠፋም። ከአንቺ ሒሳብ አልቀበልም።" ሳሙናም ጨምሮ ሰጣት። "ለእናትነሽ ሰላም በያት። ወንድ ከሆነ በስሜ ጥሩልኝ።"

ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ። ይበሉ። እኔ ከክፉ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለውን እፈራለሁ።

መኪናው ላይ የተጫነው ምን እንደሆነ ያየችው ከወጣች በኋላ ነው። ያው በርሜል ነበር፤ ለፊልቱ ገበያ። ወርዳ ሌላ መኪና እንዳትጠብቅ፣ ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። በርሜሎቹ ላይ ተቀመጠች። በየጉድጓዱ መኪናው ሲነጥር ከክዳናቸው ሥር ግራጫ አቧራ ብን እያለ ቀሚሷ ላይ ያርፋል።

ሾፌሩ ጣዲቻ የሚባል የወደራ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሲያርፍ ውሃ ሰጣት።

"እማማ፣ ምን እንዲህ ያጣድፍዎታል? ሠርግ አለ?" አላት።

"ልጄ ልትወልድ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ባይደርሱ አይወለድም?" ብሎ ሳቀ።

ነገረችው፤ የተቀመጠችበት ምን እንደሆነ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ። ጣዲቻ ሳቁን ተወው። እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ፣ ከዚያ ሱሪውን አየው።

"እኔ በእጄ ነው የምጭነው" አለ። "የአባቴም ከብት ላይ ነስንሼበታለሁ።" ወደ በርሜሎቹ እያየ፣ "ምን ላድርግ? ሜዳ ላይ ልጣለው? ነገ መኪና ማን ይሰጠኛል?"

"ጣለው አላልኩህም። ንዳው ነው የምልህ። ቶሎ ንዳው።"

ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀመጣትና ነዳው። ቀኝም ግራም ሜዳው ደርቋል፤ የሞተ ከብት አጥንት በየመንገዱ ዳር አለ። ጣዲቻ እንደሚናገረው፣ እጇን በሌላው እጇ አፍና ይዛ ነበር፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጡ ነበር።

ፊልቱ ሲደርሱ እናትነሽ ወልዳለች። ሴት ልጅ ናት። ጡት ይዛ ትጠባለች።

"ቅቤውስ?" አለች በዛብሽ፣ ሳትስማት፣ ሕፃኗን ሳታይ።

"እማዬ፣ መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ አይባልም?"

"ቅቤውን የት አደረግሽው?"

እናትነሽ ደነገጠች። "ለክርስትናው ላቆየው ብዬ አልነካሁትም ነበር። አዋላጇ የራሷን ቅቤ ይዛ መጣች። ከዚያ ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ የእናቴ እጅ ነው ብዬ አከፋፈልኩት። የነገሌው የበዛብሽ ቅቤ ሲባል ማን ይተዋል?"

በዛብሽ ተቀመጠች። የልጅ ልጇ ድናለች። ቅቤው ግን በየቤቱ ገብቷል። ወዲያው ተነሣች። የየቤቱን ስም ጠየቀች፣ አንድ በአንድም ዞረች።

የሰጡትን መልሶ መጠየቅ በሴቶች መካከል ከስድብ ይከፋል። የመጀመሪያዋ "ቅቤ ተወደደ መሰለኝ፣ እማማ በዛብሽ" ብላ ሳህኑን ወረወረችላት። ሌላዋ ከበር ላይ ሆና ለጎረቤቷ ጮክ ብላ፣ "የነገሌ ሰው ስጦታው በብድር ነው" አለች። በዛብሽ ለሁሉም "መርዝ አለበት፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት" አለቻቸው። አንዳንዶቹ አመኗት፣ አንዳንዶቹ ያበደች መሰላቸው። የሰበሰበችውን ከከተማው ውጪ ቆፍራ ቀበረችው።

የመጨረሻዋ ስንቄ ነበረች፤ የፖሊስ ሚስት፣ የመጀመሪያ ልጇን የታቀፈች። በዛብሽን ስታይ ፊቷ በራ።

"እግዜር ነው የላከዎት፣ እማማ። ልጄን የሚጥል ነገር ጀመረው። ቅቤዎን አብዝቼ ቀባሁት፣ አልቆብኝም ነበር። ሌላ ይዘው መጡ?"

በዛብሽ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ውሃ አስመጣች፣ ያመጣችውን ሳሙና አወጣች፣ አናቱን አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው። እያጠበችው ለስንቄ ሁሉን ነገረቻት። ስንቄ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ልጇን ነጠቀቻትና በሩን ዘጋችባት። ፊልቱ ሐኪም አልነበረም። ሕፃኑ ሳምንቱን አልጨረሰም።

በዛብሽ ወደ ነገሌ አልተመለሰችም። በገበያ ቀን፣ ዱቄቱ ከሚሸጥበት ሱቅ ፊት ትቆም ጀመር። ለሚገዛው ሁሉ፣ በአማርኛ ለሚሰማው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ለሚሰማው በኦሮምኛ፣ "አትግዛው። የሠሩት ሰዎች ለራሳቸው ከልክለውታል" ትላለች። ባለ ሱቁ ገፍትሮ ያባርራታል፣ ትመለሳለች። አንዳንዱ አርቢ ይሰማትና ይሄዳል። አብዛኛው መዥገር የያዛት ላም እቤት ትጠብቀዋለችና ይገዛል።

ከዚያ እሷንም ይጥላት ጀመር። እንግዲህ ማን ይሰማታል? "ያቺ የሚጥላት ሴትዮ ናት እኮ" ይላሉ። ባለ ሱቁም ለገዢው እንዲሁ ይላል፦ "በሽተኛ ናት፣ እዘኑላት።" በዱቄቱ የታመመችው ሴት ለዱቄቱ ሻጭ ምስክር ሆነችለት። ከዚህ የከፋ ፍርድ እኔ አላየሁም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ሱቁ ደጃፍ ወድቃ ተንዘፈዘፈች። ያላወቋት ሴቶች ሮጠው ደረሱላት፤ አንዷ ከገበያ ቅቤ ገዝታ አናቷ ላይ ልታደርግ ስትል እናትነሽ ሕፃኗን እንዳዘለች ደርሳ "እናቴን ተዪያት" ብላ እጇን ያዘቻት። ሴቲቱ "ለእናትሽ ቅቤ ትከለክያለሽ?" ብላ ሰደበቻት። በዛብሽ ከወደቀችበት አልተነሣችም። የገና በዓል ሳይደርስ ፊልቱ ተቀበረች። ለቀብሯ ስንቄ መጥታለች፤ ራቅ ብላ ቆማ ነበር፣ አላለቀሰችም፣ ግን መጥታለች።

ይህን ስጽፍ 1966 ዓ.ም. ነው። ወልደገብርኤል ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሯል። ዱቄቱ አልተዛወረም። በርሜሉ ተለውጦ አሁን በትንንሽ ቆርቆሮ ይመጣል፣ ስሙም ሌላ ሆኗል፤ ቀለሙ ግን ያው ግራጫ ነው። መርከቡን እኔ አላስቆምም፤ የባዕድ ሸንጎም የነገሌን ሰው ድምፅ አይሰማም። ሹሞቻችን እስኪነቁ ብንጠብቅም ስንት ልጅ እንደሚቀበር አላውቅም።

ስለዚህ እናንተን ነው የምለምነው። ነገ ሱቅ ገብታችሁ፣ የማታነቡት ጽሑፍ ያለበት ዱቄት ወይም ፈሳሽ ወይም ክኒን ሲሰጧችሁ፣ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ከመስደዳችሁ በፊት ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ፣ "ይህን የሠሩት ሰዎች አገራቸው ውስጥ ለገዛ ልጆቻቸው ያደርጉታል?" ብላችሁ ጠይቁት። አላውቅም ካለ አትግዙት። አውቆ ዝም ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ሳትፈሩ ስሙን ንገሩ።